የተቀቀለው ናሙና

ከወልዲያ ወደ መርሳ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጠ፣ የነጋዴዎችን የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽም ትራንዚተር ጎኑ ላሉት እናት ያወራል።

«ለጉምሩክ የቀዘቀዘ ጥሬ ሽሪምፕ ከነቅርፊቱ ብዬ አስመዝግቤ፣ ናሙናውን ዛሬ ላሳይ ነው።»

«ሽሪምፕ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከባሕር የሚወጣ፣ የአንበጣ ቢጤ።»

«ኧረ ወዲያ! ታዲያ ምን አስጨነቀህ?»

«ሚስቴ ናሙናውን ቅርፊቱን ገፍፋ ቀቀለችው።»

«ምነው?»

«ያልተሰናዳ ምግብ ከቤቴ ተይዞ አይወጣም ብላ።»

«ባለሙያ ናት!»

«እማማ፣ ተገፍፎ ከተቀቀለ ምድቡም ቀረጡም ሌላ ነው። ዋሽተሃል ብለው ፈቃዴን ይነጥቁኛል።»

«የመርሳ ሙቀት ቀቀለው በላቸዋ።»

«ቅርፊቱንስ ሙቀቱ ገፈፈው ልበል?»

«እሱን እንኳ ቆይ፣ አብረን እናስብበት።»

ልጆቼን ስለ ውሸት የምቀጣው እኔ፣ መርሳ እስክንደርስ ለቅርፊቱ ሰበብ ስፈልግለት ቆየሁ።