ኮምፒውተሩ የት ይቀመጥ?

ባሕር ዳር፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ስልኳን በንዴት ዘጋች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ቄስ ዞር አሉ።

«ምነው ልጄ?»

«ስብሰባ ነው አባ። አምስት አገር ሆነን አንድ ግዙፍ ኮምፒውተር በጋራ ልናቆም ነበር። የዝናቡን፣ የጎርፉን ስሌት ቶሎ የሚያወጣ።»

«መልካም ነዋ!»

«ምን መልካም አለው? የት ይቀመጥ ሲባል ሁሉም እኔ ዘንድ ይላል። ዓመት አልፎን እዚያው ነን!»

«እስከዚያ በምን ትሠሪያለሽ?»

«ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ። መብራት በጠፋ ቁጥር ከሀ እጀምራለሁ።»

ቄሱ በረጅሙ ተነፈሱ።

«እኛም ሦስት የደሴት ደብሮች አንድ የሞተር ጀልባ በጋራ ልንገዛ ነበር። ማታ ማታ የት ትታሰር ሲባል ተኳረፍን። ይኸው እስከ ዛሬ በታንኳ ነው የምንሻገር።»

«እግዚኦ! በምንም አልተስማማችሁ?»

«ስሟንማ በመጀመሪያው ቀን አወጣንላት!»

«የኛንም ስሙን ያወጣነው በመጀመሪያው ቀን ነው» አለች መምህርቷ፣ ግንባሯን ይዛ።