ከኢሱዙ ጋር የተለካው ጡሩንባዬ

በእኛ ጊዜማ ልጄ፣ እዚህ አማኑኤል ላይ ከእኔ ጡሩንባ በላይ የሚጮኽ ነገር አልነበረም። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ እኔው ነኝ፤ ሰው ሲሞት ማለዳ ወጥቼ አንዴ ስነፋው ገበሬው ሞፈሩን ጥሎ፣ ሴቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሰዉ ሁሉ እየሮጠ ነው የሚመጣ። ትሰማኛለህ? እየሮጠ!

ታዲያ ኢሱዙው በዛና ሾፌሩ ሁሉ የንፋስ ክላክስ አስገጠመ። አንዱ "ጷጷጷ!" ሲል ሌላው ላለማነስ "ጷዋዋዋ!" ይላል። ከብቱ ይደነብራል፣ የቄሱ ድምፅ አይሰማም። እና አንድ ማለዳ ጎረቤቴ የሻረግ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አረፈች። ነፋሁ። መንደሩን ዞሬ ነፋሁ። ታዲያ ስንት ሰው መጣ? ዘጠኝ! ዘጠኝ ሰው እኮ ቃሬዛ ተፈራርቆ ለመሸከም አይበቃም። አፍሬ አለቀስኩ። በኋላ "ምነው ቀራችሁ?" ብላቸው "አያ መኮንን፣ ኢሱዙ መስሎን" አይሉኝም! ሾፌሩ ጌትነት እንኳ፣ የሟቿ የገዛ ወንድም ልጅ፣ እሷው ያሳደገችው፣ ከመንገድ ገብቶ ስልኩን አጥፍቶ ተኝቶ ሳለ "ይኼ ደግሞ ማነው አዲስ ክላክስ ያስገጠመ?" ብሎ ተገላብጦ ተኛ። አክስቱን ሳይቀብር ቀረ።

እኔም ዝም አላልኩ፣ ሄጄ ከሰስኩ። ሰነባብቶ ከማርቆስ አንዲት ትራፊክ ድምፅ መለኪያ ይዛ መጣችና ሾፌሮቹን ሜዳ ላይ ሰበሰበች። "ከገደቡ በላይ የጮኸ ክላክስ ይፈታል" አለች። ታዲያ አንዱ ሾፌር ተነሣና "የአያ መኮንን ጡሩንባስ? እሱም ይለካ እንጂ!" አለ። ሳቁ።

"ይለካ!" አልኩ። ጋቢዬን ጣልኩና ነፋሁት! ልጅቱ መለኪያውን አየች፣ እኔን አየች፣ "አባቴ፣ እርስዎም ከገደቡ በላይ ነዎት" አለች። አማኑኤልን ስልህ፣ በዚህ በሰባ አምስት ዓመቴ!

"ይፈታ! ይፈታ!" ይላሉ ሾፌሮቹ። ታዲያ ጌትነት ብድግ አለና "እሳቸው የሚነፉት ሰው ሲሞት ነው። እኛ ዶሮ ባየን ቁጥር ነው የምንነፋ። አክስቴን እንዳልቀብር ያደረገኝ ይኼው የእኛ ጩኸት ነው" አለ። መፍቻውን አውጥቶ የራሱን ክላክስ ከሁሉ በፊት ፈታ። ከዚያ ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ፈቱ። ልጅቱም "ሕጉ ለመኪና ነው፣ ለእርስዎ አይደለም" ብላ ፈረደችልኝ።

ዛሬ ስነፋ ሰው እንደ ድሮው ግልብጥ ብሎ ነው የሚወጣ። ኮርቻለሁ፣ ምን እደብቅሃለሁ! እና የእኔ ቀን ሲደርስስ ማን ይነፋል ትል ይሆናል። ጌትነት ነዋ! እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እያስተማርኩት ነው።

"አያ መኮንን፣ ጌትነትስ ሲነፋ ገደቡን ያልፋል?"

"ገና ነው። እስኪያልፍ ድረስ አልሞትም! ሃ ሃ ሃ!"