ካባ አልባሿ

(የፊልም ሽልማት ሥነ ሥርዓት፤ ከመድረኩ ጀርባ ባለው የሜካፕ ክፍል ተዋናይት ትርንጎ መስታወት ፊት ተቀምጣለች፣ ፕሮዲዩሰሩ መላኩ ካባ ታቅፎ ቆሟል።)

ትርንጎ፦ አላለብስም አልኩህ። ሌላ ሰው ፈልግ።

መላኩ፦ ትርንጎዬ፣ ምን አለበት? ሶስና ምርጥ መሪ ተዋናይት ተብላ ስትጠራ ካባውን ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርጊና ትወርጃለሽ።

ትርንጎ፦ ለምን እኔ?

መላኩ፦ አንጋፋ ነሻ።

ትርንጎ፦ አንጋፋ የሆንኩት መቼ ነው? በፊልሞችህ ሁሉ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ትሪ ይዤ እገባለሁ፣ ትሪ ይዤ እወጣለሁ።

መላኩ፦ እውነቱን ልንገርሽ? “የሚሸለሙት ቀያዮቹ ብቻ ናቸው” እየተባለ ነው። አንድ ጠይም ሴት መድረክ ላይ ብትታይ ወሬው ይበርዳል።

ትርንጎ፦ ዛሬ ጠይም ሆንኩ? ቀረጻ ላይ “ይቺ ጥቁር መብራት ትበላለች፣ ወደ ጥግ አድርጓት” ስባል እዚያው ነበርክ።

መላኩ፦ እሱን ካሜራማኑ ነው ያለው።

ትርንጎ፦ አንተ ደግሞ ሳቅህ።

መላኩ፦ ይሁን፣ ሳቅሁ። ግን ላም ብትጠቁር ወተቷ ነጭ ነው ብዬ ያመንኩብሽም እኔ ነኝ።

ትርንጎ፦ ወተቱንማ አልባችሁታል። ሶስና ውጭ አድጋ አማርኛው አልገራ ቢላት፣ ፊልሙን ሙሉ በድምፄ የተናገርኩላት እኔ አይደለሁም?

መላኩ፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።

ትርንጎ፦ የፊልሙ የመቃብር ትዕይንት ላይ “እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳታዪኝ ሄድሽ” ብዬ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ስምሽ መጨረሻ ላይ ይጻፋል አልከኝ። የምረቃው ቀን ሰዉ ወጥቶ እስኪያልቅ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ስሜ የለም።

መላኩ፦ ሙያ በልብ ነው።

ትርንጎ፦ በልቤ ይዤው ከረምኩ። አቃጠለኝ።

መላኩ፦ ዳኞቹ የመረጧት በዚያ ለቅሶ ነው። ዛሬ ቢታወቅ ልጅቷ ምን ይውጣታል? አይጥ በበላ ዳዋ ይመታ?

ትርንጎ፦ እሷን አልጠላትም፤ ጉልበቴን ስማ አመስግናኛለች። ግን እስከዛሬ ዳዋው ማን ነበር?

መላኩ፦ እሺ፣ በሚቀጥለው ፊልም መሪ ተዋናይት አደርግሻለሁ።

ትርንጎ፦ የማንን ፊት ለጥፈህብኝ?

መላኩ፦ በናትሽ፣ ሰዓት የለንም።

ትርንጎ፦ ከካባው በፊት ምን ታሳያላችሁ?

መላኩ፦ እንደ ልማዱ ከፊልሙ ቅንጭብ ነዋ። የመቃብሩን ለቅሶ። ይኸው ጀመረ።

ትርንጎ፦ ከዚያ እኔ እወጣለሁ።

መላኩ፦ ተስማማሽ? እግዜር ይስጥልኝ።

ትርንጎ፦ ማይክ ትሰጡኛላችሁ?

መላኩ፦ አንድ ሁለት ቃል ትያለሽ… ቆይ። ምን ልትዪ ነው?

ትርንጎ፦ “እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳታዪኝ ሄድሽ።” ሌላ ምንም አልል።

መላኩ፦ አንቺ ሴትዮ፣ አዳራሹ ድምፁን ይለየዋል። ተዪው፣ ራሴ አለብሳታለሁ። ቁጭ በይ።

ትርንጎ፦ አልሰማህም? ለቅሶዬ አለቀ፤ መድረክ መሪው እየጠራኝ ነው። በዚህ አዳራሽ ስሜ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። ካባውን አቀብለኝ።