«ተይ፣ ማነሽ?» የምትለዋ ብርማ መኪና

የምስክር ቃል

መጠሪያ፦ ሾፌሯ (ሙሉ ስሟ ከመታወቂያዋ ተገልብጦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል)
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ የተማሪዎች ማመላለሻ አሽከርካሪ
የጋብቻ ሁኔታ፦ ያላገባች
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ፣ ከእናቷ ጋር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜና ቦታ፦ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በጣቢያው የምርመራ ክፍል

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ፣ ይልቁንም ቃሌን የሚቀበለኝ መርማሪ እስኪመጣ ተጣድፌ፣ ስለ መኪናዬ የማውቀውን እንደሚከተለው አስረዳለሁ። ባለቤት እንዳለኝ ተጠይቄ የለኝም ብያለሁ። ይህንኑ ጥያቄ አክስቶቼም ጎረቤቶቼም ለዓመታት ሲጠይቁኝ ስለኖሩ መልሱ አልከበደኝም።

መተዳደሪያዬ መኪና መንዳት ነው። እስከ ዛሬ የነዳሁት ግን የሰው መኪና ነው። አሁን የምነዳው ማመላለሻ ባለንብረት ጠዋት ቁልፉን ስትሰጠኝ «እንዳትጭሪብኝ» የምትል፣ ማታ ስትቀበለኝ ደግሞ መኪናውን ዞራ ዞራ የምታይ ሴት ናት። እናቴ ይህን እያየች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ማለት ስለማትሰለች፣ ባሕር ማዶ ከሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ጋር ያለንን አዋጥተን ከዚያው አንዲት ያገለገለች መኪና እንዲገዛልኝ ተስማማን። ያለን ሁሉ እዚያች መኪና ላይ ነው። እሷ ከቀረች እኔ ዕድሜ ልኬን «እንዳትጭሪብኝ» እየተባልኩ እንደምኖር መርማሪው ይወቅልኝ።

ወንድሜ መኪናዋን በስልክ ምስል ሲያሳየን እናቴና እኔ ሶፋው ላይ ተጣብበን ነበር። ቀለሟ ብርማ፣ ወንበሮቿ ንጹሕ፣ የአንዲት አሮጊት ንብረት የነበረች ናት። ወንድሜ ቁልፉን ሲያዞር ከመሪው ሥር የሴት ድምፅ በዚያ አገር ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገረና መጨረሻው ለሁለታችንም ጥርት ብሎ «ተይ፣ ማነሽ?» ተብሎ ተሰማን። እናቴ አላመነታችም። «እኔ ነኝ! አንቺስ ማነሽ?» ብላ መለሰች። ወንድሜ ከሳቁ የተነሳ ስልኩ ከእጁ ወደቀ። ድምፁ የሚወጣው የክፍያ መንገድ ላይ ከምታገለግል ትንሽ ሳጥን መሆኑን፣ ሳጥኗም የመክፈያ ካርዴ አልገባም እያለች መሆኑን አስረዳን። እናቴ ግን በጄ አላለችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመኪናዋ ስም በቤታችን «ማነሽ» ሆኖ ቀረ። በደወለ ቁጥር እናቴ ከልጇ ጤና አስቀድማ «ማነሽ ደህና ናት?» እንደምትል ወንድሜም በቅሬታ ይመሰክራል። እዚህ ላይ መርማሪው ወደ ጉዳዩ እንድመለስ አሳስቦኛል። ጉዳዩ ግን ይኸው ራሱ ነው።

መኪናዋን ከወደብ ተቀብሎ እንዲያስረክበን የተዋዋልነው አንድ ዕቃ አስተላላፊ ነው። የሚጠየቀውን ሁሉ «ችግር የለም» ብሎ ስለሚመልስ መጠሪያው ራሱ «ችግር የለም» ነው። ማክሰኞ ጠዋት ደውሎ መኪናዬን እንድወስድ ነገረኝ። ከእናቴ ጋር ከጣውላ መሸጫዎቹ ጀርባ ወዳለው ግቢው ሄድን። በሩን የከፈቱልን በዕድሜ የገፉ ዘበኛ ነበሩ።

ችግር የለም ያቀረበልን መኪና ቀለሟም ቅርጿም የእኛዋን ይመስላል። ኮፈኑን ከፍቼ የሻንሲ ቁጥሩን ከሰነዳችን ጋር ሳስተያይ ገጠመ። ነገር ግን ቁጥሩ ያለበት ቆርቆሮ አሮጌ ሆኖ የታሰረበት ብሎን አዲስ መሆኑን አየሁ። የኋላው ወንበር ተቀዷል፤ በቀዳዳው ውስጥ የድመት ፀጉር ተጠቅጥቋል። ሞተሩን ሳስነሳ እንደ ጉንፋናም አስሎ ጥቁር ጭስ ተፋ። ከሁሉ የከፋው ግን መኪናዋ ዝም አለች። አጥፍቼ ደግሜ አስነሳኋት። እናቴ መስኮቱ ላይ ጆሮዋን አስጠግታ ስትጠብቅ ቆይታ፣

«ልጄ፣ ይቺ ማነሽ አይደለችም። ይቺ ዲዳ ናት» አለችኝ።

ችግር የለም «እናቴ፣ የገዛችሁት መኪና ነው ወይስ ራዲዮ? ባሕር ያንገላታል፣ ችግር የለም» አለ። እናቴ «ባሕሩ ላይ ድመት አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። በዚህ ጊዜ በግቢው ጥግ ከሸራ ሥር የሌላ ብርማ መኪና አፍንጫ ብቅ ብሎ አየሁ። ስጠይቀው የሌላ ደንበኛ ናት አለኝ። ሆኖም አልጮህኩም፤ ተረከብኩ ብዬም አልፈረምኩም። ቀጥታ ወደዚህ ጣቢያ መጣሁ።

በማግሥቱ ረቡዕ ጠዋት ቃሌን ከሚቀበለው ከዚሁ መርማሪ ጋር ወደ ግቢው ተመለስን። እናቴም ቅሪ ብትባል አልቀረችም። በሩ ላይ ሳንደርስ፣ ሸራ የለበሰችው መኪና ቁልፍ ሲዞርባት ምን እንደምትል ለመርማሪው አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። ፊቱን ሳየው ሳቁን አፍኖ ነበር። ይህንንም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

መርማሪው ሁለቱንም ቁልፎች ከችግር የለም እጅ ተቀበለ። መጀመሪያ ዲዳዋ ውስጥ ገብቶ አስነሳ፤ ከሳል በቀር ምንም አልተሰማም። ከዚያም ሸራውን አስገፍፎ ሁለተኛዋ ውስጥ ተቀመጠና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሳ፣ ያችም ሴት ረጅሙን ነገሯን ተናግራ «ተይ፣ ማነሽ?» አለች። መርማሪው ከወንበሩ ብድግ ሲል ኮፍያው ጣሪያውን መታ። እናቴ ከበሩ ጋ ሆና «እኔ ነኝ! መጣሁልሽ!» ብላ ጮኸች። እኔ አለቀስኩ።

ችግር የለም ግን አልተረታም። «ጌታዬ፣ የዚያ አገር መኪና እኮ ግማሹ ያወራል። ይቺ የመጣችው አምና ነው፣ ባለቤቷ ሌላ ናት» አለ። መርማሪው ቁልፉን በእጁ ያገላብጥ ጀመር። እውነቴን ነው የምናገረው፣ ያንን ሳይ መኪናዬ ከእጄ ስትወጣ ታየኝ።

ያኔ ዘበኛው ወደ ፊት ቀረቡ። ለተንኮል ሳይሆን ብሶታቸውን ለመናገር መሆኑ ከአነጋገራቸው ያስታውቅ ነበር። እንዲህ አሉ፦

«ጌታው፣ እርስዎም ሰሙልኝ አይደል? ባለፈው ሳምንት ከጭነት መኪናው ስናወርዳት እኔንም እንዲሁ ነው ያለችኝ! ይኼን ሁሉ ሪዝ ይዤ ‹ተይ፣ ማነሽ› ትበለኝ? ‹ምነው ወንዱን ሰውዬ አንቺ ትለኛለች› ብዬ ለጋሼ ስነግራቸው ስቀው ‹ችግር የለም› አሉኝ። እኔ ግን እስካሁን ይከነክነኛል።»

መርማሪው «ያቺኛዋስ?» ብሎ ዲዳዋን አመለከታቸው።

«ያቺማ ከክረምት ጀምሮ እዚሁ ናት። ድመቷ ወልዳ ያሳደገችው እሷ ውስጥ አይደል እንዴ!»

ችግር የለም ዘበኛውን አየ፣ መርማሪውን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። አፉን ከፍቶ «ች...» ብሎ ሲጀምር መርማሪው «አሁንስ አለ» አለው። የሁለቱን መኪኖች የቁጥር ቆርቆሮ አቀያይሮ እንዳሰረ እዚያው በእኔ ፊት አመነ። ለዘበኛውም እናቴ «ማነሽ» የመኪናዋ ስም መሆኑን ነገረቻቸው። ወደ መኪናዋ ጠጋ ብለው «ስምሽ ነው ለካ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» ሲሏት ሰምቻለሁ።

መኪናዋ ለማስረጃነት ወደ ጣቢያው እንድትመጣ ሲታዘዝ የነዳኋት እኔ ነኝ። እናቴ ከፊት እንደ ሙሽራ ተኮፍሳ፣ መርማሪው ከኋላ ተቀምጦ ነበር። በማመላለሻዋ ባለንብረት ደጅ ማለፋችን መንገዱ ስለሆነ ነው። እዚያ ስንደርስ ክላክስ ደጋግሜ መንፋቴን አልክድም። መርማሪው ያስፈልግ ነበር ወይ ብሎ ጠይቆኛል፤ በጣም ያስፈልግ ነበር ብዬ መልሻለሁ።

ማነሽ አሁን በጣቢያው ግቢ ከመስኮቱ ሥር ቆማለች። ማጣራቱ እንዳለቀ እንድትመለስልኝ፣ እስከዚያም ማንም እንዳይጭርብኝ እጠይቃለሁ።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንዲታከልልኝ ጠይቄያለሁ። መርማሪው ባለቤት አለሽ ወይ ሲለኝ የለኝም ያልኩት እንዳለ ሆኖ፣ የጣቢያው ግቢ ደርሰን ላቆማት ስል ሞተሯ ጠፍቶብኝ እንደገና ሳስነሳት ማነሽ ያንኑ ጥያቄዋን ጠየቀችኝ። እኔም «ባለቤትሽ ነኝ» ብያታለሁ። ይህም ከቃሌ ጋር ይጻፍልኝ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ያልሆነ አልጨመርኩበትም፤ ሳቁም ለቅሶውም የሆነው እንደተናገርኩት ነው። ለዚህም እፈርማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ...............

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ...............

ማስታወሻ፦ ምስክሯ «ባለቤትሽ ነኝ» ስትል ከኋላ ወንበር ሆኜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መኪናዋም ከዚያ ወዲያ አልጠየቀቻትም።