በተቃጠለው ሳንቃ ላይ ስለነበረው ጽሑፍ

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል፤ በሠፈር መጠሪያው ጋሽ ኮላ
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ አናጺ
አድራሻ፦ ከድልድዩ ማዶ፣ የቆርቆሮ በር ያለው የእንጨት ሥራ ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ነሐሴ 11 ቀን፣ ከጧቱ 4፡20 ሰዓት
ጉዳዩ፦ ከተቆለፈ መጋዘን ተወሰደ ስለተባለ የጌም ማሽን

አቤት ባዩን የጭነት መኪና ሹፌርም ሆነ ተጠርጣሪዋን ልብስ ሰፊ እህቱን በዝምድናም በጠብም አላውቃቸውም። ሟቹን አባታቸውን፣ ራዲዮ ጠጋኙን፣ የማውቀው በዝና ብቻ ነው። የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ።

ሐምሌ 28 ቀን ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ልብስ ሰፊዋ አንድ የእንጨት የጌም ማሽን በጋሪ አስጭና ሥራ ቤቴ መጣች። ማሽኑ ቁመቱ የሰው ያህል ነው፤ ከላይ ስክሪን፣ ከወገቡ ላይ ሁለት ማንሻዎችና ቀያይ መጫኛዎች አሉት፤ ቆመው የሚጫወቱበት ዓይነት ነው። አባቷ በእጁ የሠራው መሆኑን፣ መጋዘኑ ጎርፍ ገብቶበት አራት ቀን ውሃ ውስጥ መቆሙን ነገረችኝ። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ወንድሟ ዘንድ እንደሆነ፣ እሱም ሩቅ መንገድ ላይ ስለነበር ስልኩ እምቢ እንዳላትና ጓጉንቸሩን ራሷ እንደሰበረች የነገረችኝ ሳልጠይቃት ነው። የምትደብቀው ነገር ያላት አልመሰለኝም።

እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነበር። የኮምፔንሳቶው ንብርብር እንደ ራሰ መጽሐፍ ተገላልጧል፤ የታችኛው ወለል በጣት ሲነኩት እንደ ዳቦ ይሰረጉዳል። ውሃ የጠጣ እንጨት እንዳኮረፈ ሰው ስለሆነ ቢያጣድፉት እንደሚሰነጠቅ፣ ቢያባብሉት እንደሚመለስ ነገርኳት። ወንድሟም እንዲሁ መሆኑን ነግራኝ ሳቀች። ስክሪኑንና ሽቦውን ከፊት ለፊቱ በኩል ነቅላ ወሰደች፤ ባዶው ሳጥን ከእኔ ዘንድ ቀረ።

አምስት ቀን ምንም ሳልነካው ጥላ ውስጥ አቆየሁት። በእነዚያ ቀናት ዝናቡ አላቋረጠም። የጣሪያዬ ብርሃን ማስገቢያ ፕላስቲክ አረንጓዴ በመሆኑ፣ ውሃውም በላዩ ላይ ስለሚወርድ፣ ኩሬ ሥር ተቀምጬ የምሠራ ይመስለኝ ነበር። ሳጥኑ ሲደርቅ ድምፅ ያሰማል፤ አንዴ ጠብ፣ አንዴ ቀጭ፣ አንዳንዴም እንደተኛ ሰው ረጅም ትንፋሽ። ሳላስበው መዶሻዬን ቀስ አድርጌ ማስቀመጥ፣ በሩንም ሳላንጓጓ መዝጋት ጀመርኩ።

ነሐሴ 3 ቀን ምሳ በልቼ አግዳሚው ላይ ጋደም ባልኩበት፣ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ከሳጥኑ ኋላ በርከክ ብሎ እርሳስ በምላሱ ሲያርስ አየሁ። መልኩን አላየሁም። እንዳይሄድብኝ ትንፋሼን ዋጥኩ። ቃሌን የሚቀበለው መርማሪ ሕልም ማስረጃ እንደማይሆን ነግሮኛል፤ እኔም ይህን አላጣሁትም። ሆኖም ሕልሙ ጽሑፉን ካገኘሁበት ዕለት በአንድ ቀን የቀደመ ስለሆነ እንዲመዘገብልኝ ጠይቄ ተመዝግቧል።

በማግስቱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ የኋላውን ሳንቃ ብሎኖች ፈትቼ አወረድኩት። ከውስጥ በኩል፣ ውሃው ከደረሰበት ከፍ ብሎ፣ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አገኘሁ። ፊደሎቹ ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «ለእጇ የተሠራ። ሲድንላት የእሷ ይሁን» ይላል። ስምም ቀንም የለውም።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሳንቃውን አዲስ ኮምፔንሳቶ ላይ አጋድሜ ዙሪያውን አሰመርኩና አዲሱን ቆረጥኩ። አሮጌው ሻግቶ ስለነበር ሰባብሬ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት፤ ኮላው በዚያ እርጥበት እንዲይዝ ቤቱን ማሞቅ ነበረብኝ። ጽሑፉ ያለበትን ቆርጬ ማስቀረት እችል ነበር። ለምን እንዳላደረግኩት ተጠይቄ፣ ለሰው የተጻፈ መሆኑን እንጂ አንድ ቀን የሚፈለግ መሆኑን አላሰብኩም ብዬ መልሻለሁ።

ነሐሴ 9 ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሹፌሩ ከአንድ ፖሊስ ጋር መጣ። እህቱም ሥራውን ልታይ መጥታ ነበር። ሹፌሩ የአባቱን የእጅ ሥራ ማንም እንዳይነካው ቆልፎበት ሳለ እህቱ ሰርቃ ለባዕድ መጋዝ እንደሰጠችው ተናገረ። እሷም ማሽኑ ለእሷ የተሠራ መሆኑን ገለጸች። በልጅነቷ ታማ ቀኝ እጇ ዝሎ እርሳስ እንኳ መያዝ አቅቷት እንደነበር፣ አባቷ ማንሻውን ሆን ብሎ ከባድ አድርጎ እንደሠራላት፣ ሁለት ዓመት በየቀኑ እንዳጫወታትና ዛሬ የምትሰፋው በዚያ እጅ መሆኑን አስረዳች። ሹፌሩ ያን ጊዜ ሌላ ከተማ ሹፍርና ሲማር እንደነበርና ይህን ሰምቶ እንደማያውቅ ተናገረ።

በዚህ ጊዜ ስለ ጽሑፉ ነገርኳቸው። ሹፌሩ አሳየኝ አለ። ማቃጠሌን ነገርኩት።

«ያቃጠለ ሰው ምን ምስክር ይሆናል?» አለኝ።

ቀጥሎም ፊደሉ ምን እንደሚመስል ጠየቀኝ። በቁራጭ እንጨት ላይ የፊደሎቹን አጣጣል ጻፍኩለት። ብዙ አየውና የአባቱ እጅ ጽሑፍ እንዲህ እንደነበር ተናገረ። ከዚያ ፖሊሱንም እኔንም ትቶ ወደ እህቱ ዞረ።

«ታማለች ብሎ ለምን አልጻፈልኝም?»

«ወንድም ጋሼ፣ ሰው አገር ነው፣ ይደነግጣል ብሎ ነው። እኔንም አስምሎኛል። ስድን ደግሞ ከየት ብዬ ልጀምረው?»

ሹፌሩ ግንድ ላይ ተቀመጠ።

ትናንት ከጧቱ ሁለት ሰዓት ሹፌሩ ብቻውን መጣ። የአባቱን ቃል በአዲሱ ሳንቃ ላይ መልሼ እንድጽፍለት ለመነኝ። ያቃጠልኩትን ቃል በእጄ ብጽፈው ውሸት እንደሚሆን ነገርኩት።

«እንግዲያው እርሳሱን ይስጡኝ» አለ።

ሳንቃውን ያዝኩለት። የአባቱን ቃል እንደነገርኩት ጻፈው፤ የእሱ ፊደል ቀጥ ያለ ነው። ከሥሩ ደግሞ ማንም ሳያዘው «ወንድምሽ አላወቀም ነበር» ብሎ ጨመረበት። ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርጌ ሳንቃውን በብሎን አሰርኩት። ሹፌሩ እስኪጠብቅ ድረስ በእጁ ደግፎት ቆመ።

ዛሬ ወደዚህ ስገባ ወንድምና እህት ኮሪደሩ ላይ ተጠግተው ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ። ሹፌሩ አቤቱታውን ሊያነሳ ወረፋ እንደያዘ ነግሮኛል፤ መርማሪውም ይህንኑ አረጋግጦልኛል። በአዲሱ ሳንቃ ላይ የተጻፈውን ልብስ ሰፊዋ ገና አላየችውም። ማሽኑን ወስዳ ራሷ ፈትታ እስክታገኘው ድረስ ከዚህ ቃል እንዳትሰማ እንዲደረግልኝ ጠይቄአለሁ። መርማሪው ቃል አልገባልኝም፤ ግን በሩን ተነሥቶ ዘግቷል።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። የጨመርኩበት የለም፤ ከእውነቱ የጎደለ ቢኖር ያቃጠልኩት ሳንቃ ብቻ ነው። ለዚህም በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________