የሉባባ ሙክት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። ከፊቴ እንደ እኔው ያረጁ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። አብራቸው ያለችውን ልጅ አውቃታለሁ፤ በሰፈራችን የእርቅ ስብሰባ በጦርነቱ ጊዜ የሆነውን እየሰማች የምትጽፈው እሷ ነች። የእኔንም ጀግንነት ባለፈው ሳምንት አምስት ገጽ ሙሉ ጽፋልኛለች፤ አፌ ብርቱ ነው።

«የኔ ልጅ፣ የሰጠሁሽን ቃል አርሚልኝ፤ ዋሽቻለሁ» አለች አንደኛዋ።

«የቱን፣ እማማ ዘሃራ?»

«ሉባባ ስትሸሽ አደራ ያለችኝን ሙክት ወታደሮች በሉት ብዬ ነበር። ወላሂ፣ ያረድኩት እኔው ነኝ። ልጆቹ ራባቸው።»

ልጅቷ ደንግጣ ወደ ሁለተኛዋ ዞረች። «እማማ ሉባባ፣ ሰሙ?»

«ድሮም አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?» ዘሃራ ጮኸች።

«አንቺ ቤት ስመጣ ምን አንጥፈሽልኝ ነው የምሰግደው?»

«አጎዛውን...»

«ታዲያ የገዛ በጌን ቆዳ የማላውቅ መሰለሽ?»

«አውቀሽ ነው ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ያልሽኝ?»

«አንቺው እስክትነግሪኝ ነዋ! እዚያው አጎዛ ላይ ዱዓ ሳደርግልሽ ከረምኩ።»

«አፉ በይኝ፣ ሉባባ።»

«አፉ ብያለሁ። አብሽሪ፣ አታልቅሺ።»

ልጅቷ ደብተሯን ገለጠች። «እንግዲህ ይጻፍ?»

«ይጻፍ እንጂ! አንዲት ጎድን እንኳ እንዳላስቀረችልኝም ጨምሪበት።»

እኔም አምስቱን ገጽ አስታውሼ፣ ልጅቷ ወደ ኋላ ከመዞሯ በፊት ባርኔጣዬን እስከ አፍንጫዬ ዝቅ አደረግሁ።