ስለ ሰባተኛው ትራስና ሳሎን መሀል ስለበቀለው ግድግዳ

የምስክር ቃል መቀበያ

የሚጠራበት፦ ጋሽ ሜትር (የመታወቂያው ቅጂ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል)
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ፣ አሁን በጡረታ ላይ
አድራሻ፦ ከፋርማሲው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡30
የቀረበው አቤቱታ፦ የተጠናቀቀ የቤት ውስጥ ዲዛይን ማበላሸትና አንድ ትራስ መሰወር

ከሁሉ አስቀድሞ በመዝገብ እንዲሰፍርልኝ የምፈልገው ከባድ ጉዳይ፣ ሶፋው ላይ የነበሩት ትራሶች ሰባት እንጂ ስድስት አለመሆናቸው ነው። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው፣ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ልቀመጥ በፈለግሁ ቁጥር አንድ በአንድ እያነሳሁ ስታቀፋቸው ስለቆየሁ ነው። ሌላ ማስቀመጫ አልተሰጠኝም። አንደኛው ግራጫ፣ ሁለተኛው ግራጫ፣ ሦስተኛው ቤታችንን ያደሰችው ዲዛይነር ግራጫ አይደለም የምትለው ግራጫ ነው። ዛሬ ጠዋት አንዱ መጉደሉ እውነት ነው፤ የት እንደገባ ግን አላውቅም።

መርማሪው ወደ ዋናው ነገር እንድገባ ስለጠየቁኝ እቀጥላለሁ።

ከባለቤቴ ጋር በዚህ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረናል። ሳሎኑንና ኩሽናውን የሚለይ የጡብ ግድግዳ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የባለቤቴ ነው፤ ወዲህ የእኔና የስፌት መኪናዬ። ስንጣላ እያንዳንዳችን ወደየክልላችን እንገባለን። እሷ ድስት እያንኳኳች ስለ እኔ የምትለውን ትላለች፣ እኔ ምንም አልሰማም። ንዴቷ ሲበርድላት ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ትመታለች። ሁለት ጊዜ ማለት ሻይ ፈልቷል፣ ና ጠጣ ማለት ነው። እኔም ሁለት ጊዜ እመልሳለሁ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። በመካከላችን አስታራቂ ገብቶ አያውቅም።

ከሦስት ወር በፊት ልጃችን ጡረታ መውጣቴን ምክንያት በማድረግ ዲዛይነር ይዛ መጣች። ዲዛይነሯ ገና ከበሩ ላይ "ጋሼ፣ ይሄ ቤት እኮ ታፍኗል፤ መተንፈስ አለበት" አለች። እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ ሲተነፍስ ነው የማውቀው። ልጄም "አባዬ፣ አሁን ሁሉም ሰው ክፍት ነው የሚያደርገው። እማዬም ምግብ ስትሠራ ብቻዋን አትሆንም" አለችኝ። ባለቤቴን ብቻዋን መሆን ትፈልግ እንደሆነ የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኋትም። ይህን ጥፋቴን አምናለሁ።

ግድግዳው አይነካም አልኩ። ከብዙ ክርክር በኋላ በበሩ በኩል ያለው ግማሽ ብቻ እንዲነሳ ተስማማን፤ ዲዛይነሯም የሚቀረውን ራሴ ምልክት እንዳደርግበት ፈቀደችልኝ። ቀጥሎ የተፈጸመው ስህተት የእኔ ሳይሆን የአርባ ዓመት ሙያዬ ነው። ጨርቅ ስቆርጥ የምፈልገው ክፍል ከቁርጥራጩ ጋር እንዳይጣል በጠመኔ ትልቅ ኤክስ አደርግበታለሁ። በእኔ ሱቅ ምልክት ያለበት ይቀመጣል፣ የሌለው ይጣላል። እንዲተርፍልኝ የምፈልገው ግማሽ ግድግዳ ላይም ትልቅ ኤክስ አድርጌ፣ ልቤ ረክቶ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አፍራሾቹ መጡና ኤክስ ያለበትን አፈረሱ። ከሰዓት ዲዛይነሯ መጥታ ወረቀቷን አየችና በበሩ በኩል ያለው ለምን እንደቆመ ጠየቀች። እሱንም አፈረሱ። አዲሱን መነጽሬን አድርጌ ስመለስ ከሳሎኔ ማቀዝቀዣው ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር። መጀመሪያ መነጽሩ ጥሩ ነው ብዬ ተደሰትኩ።

ከዚያ ወዲያ በቤቱ ጉዳይ ተጠይቄ አላውቅም። የስፌት መኪናዬ "ታሪክ ይናገራል" ተብሎ አበባ ተቀመጠበት። አንድ ሱሪ ላሳጥርበት ብል ዲዛይነሯ "ጋሼ፣ እሱ እኮ ለዓይን ነው" አለችኝ።

ሥራው ባለቀ በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች "ይሄ ሰውዬ ደግሞ እንደ ሐውልት ተገትሮ ይውላል" ማለት ጀመረች። እኔ ሰባት ትራስ ታቅፌ ከእሷ በሦስት ሜትር ርቀት ላይ ነበርኩ።

"የት ልሂድልሽ ታዲያ?" አልኳት።

ቢላዋው ቆመ። "ሰማኸኝ እንዴ?"

"እንዴት አልሰማሽም? ሁልጊዜም እኮ እሰማሻለሁ።"

ይህ ቃል ከአፌ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው አልተገኘም።

"ሁልጊዜ? ሠላሳ አንድ ዓመት? ስለ እናትህ ያልኩትንም?"

"እሱንም።"

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ቀን አላነጋገረችኝም። እንዳታጉረመርም እሰማለሁ፤ እንዳትደበቅ ቤቱ ክፍት ነው። ሴትየዋ በገዛ ቤቷ የምትናደድበት ቦታ አጣች። እኔም ቀድሜ ልታረቅ ፈልጌ የማንኳኳው አጣሁ። የመስታወት ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ብመታ፣ አበባ ልትቀይር የመጣችው ዲዛይነር "ጋሼ፣ ይሰነጠቃል!" ብላ ጮኸችብኝ። ማቀዝቀዣውን ብመታ ባለቤቴ የተበላሸ መስሏት መጣች፣ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ሄደች።

ትናንት ማክሰኞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ለልጃችን ስልክ ደውላ "ነገ እህቴ ጋ እሄዳለሁ፤ መመለሴን እንጃ" ስትል ሰማሁ። ላለመስማት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬያለሁ። ቦርሳዋንም በኩሽናው የጓሮ በር አጠገብ አስቀመጠች።

ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዲዛይነሯ "ይወሰዳል" እያለች ሦስት ወር በጓሮ የከረመውን የፈረሰ ጡብና የተረፈውን ሲሚንቶ በመጠቀም ግድግዳ መሥራት ጀመርኩ። ቀጥታውን የለካሁት ክር ጫፍ ላይ መቀሴን አንጠልጥዬ ነው። ሥራውን የሠራሁት ብቻዬን ነው። ባለቤቴ በዚያ ሰዓት ወደ እህቷ ሄዳለች፤ ስለ ጉዳዩ አንዳች የምታውቀው ነገር የለም። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከሩብ፣ ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ ግድግዳ ቆመ። ትንሽ ዘመም ብሏል። በሙያዬ ይህን ያህል በካውያ የሚስተካከል ነው።

አራት ሰዓት ላይ ዲዛይነሯ ቤቱን ለመጽሔት የሚያነሳ ፎቶ አንሺ ይዛ ገባች። "ጋሼ፣ ምን አደረጉኝ! ቤቱን ለሁለት ቆረጡት እኮ!" አለች። እኔ ቆርጬ ሳይሆን ሰፍቼ እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። ፎቶ አንሺው "ግድግዳው ግን ያምራል" ቢል በዓይኗ ገረመመችውና ካሜራውን ወደ ቦርሳው መለሰ። ከዚያ ትራሶቹን ቆጥራ ስድስት ሲሆኑባት ፖሊስ ጠራች። የመጡት ባልደረባ "ቤቱ የእርስዎ ነው?" ብለው ሲጠይቁኝ "ነበር" ብያለሁ። ግድግዳው ነገ ሐሙስ እንዲፈርስ ዲዛይነሯ ጠይቃለች፤ ልጄም በስልክ ተስማምታለች። እኔን የጠየቀኝ የለም። የግድ ይፍረስ ከተባለ፣ ለማንኳኳት የሚሆን አንድ ክንድ ያህል እንዲተውልኝ አመለክታለሁ። በዚህ ጊዜ ምልክት አላደርግበትም።

ይህን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳያስገድደኝ፣ ለክቼ ነው፤ አላስረዘምኩም፣ አላጠበብኩም። ሲነበብልኝ ልኩ ሆኖ ስላገኘሁት ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ (ተፈርሟል)

ማረሚያ፤ ከፊርማ በኋላ፣ ከቀኑ 9፡40

ከላይ ያለውን ከፈረምኩ በኋላ፣ ይህን ክፍል ከጎኑ ካለው ክፍል ከሚለየው ስስ የጣውላ ግድግዳ ወዲያ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። መርማሪው "ማነው?" ብለው ሲጮኹ፣ በዚያ ክፍል ሌላ ምስክር ቃሏን እየሰጠች እንደሆነ ተነገራቸው። ፈቃድ ጠይቄ ሁለት ጊዜ መልሻለሁ። በዚህ መሠረት ቀደም ሲል የሰጠሁት ቃል እንደሚከተለው እንዲታረም አመለክታለሁ፦ "ባለቤቴ ወደ እህቷ ሄዳለች" የሚለው ይሰረዝ። "ብቻዬን" የሚለው "ከባለቤቴ ጋር፣ ሳንነጋገር" ተብሎ ይነበብ፤ ከኩሽና በኩል ጡቡን ታቀብለኝ የነበረችው እሷ ናት። ሰባተኛውን ትራስ በሚመለከትም የት እንደገባ አላውቅም ማለቴ ስህተት ነው፤ ጉልበቷን ስለሚያማት፣ ጡብ ለማንሳት በተንበረከከች ጊዜ ከሥሯ ያደረግሁላት እኔ ነኝ።